ከማን ጋር ይበላሉ?

ከአሜሪካ መንግሥት ስምንት ወር ዌልፌር፣ ያው ለችግረኛ የሚሰጠውን ድጎማ፣ በልቻለሁ። በስምንቱም ወር ሥራ ነበረኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለማፈር ደግሞ ጊዜው አልፏል። የምጽፈው፣ እኔን ውሸታሙን አመስግነው የሸኙኝ ሰዎች አንድን እውነተኛ ሥራ አጥ ሽማግሌ እንዴት አድርገው ከሰው እንደለዩአቸው ለመናገር ነው። ብቻቸውን አላደረጉትም። እኔም አግዣቸዋለሁ።

ሥራዬ ካልሲ ነበር። ካልሲ፣ ቀበቶ፣ ማበጠሪያ፣ ከሽታው ይልቅ ጠርሙሱ የሚያምር ሽቶ። ቅዳሜና እሑድ ስዋፕ ሚት እሄዳለሁ፤ ያው ሰው ዕቃውን ሜዳ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥበት ገበያ ነው። በሌላው ቀን ፌርፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ኋላዋን እከፍታለሁ። ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ አካባቢ ነው። ፌርፋክስ ላይ እንደ ዛሬው በየደጃፉ የአማርኛ ጽሑፍ አልነበረም። ጥቂት የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከፍተው ነበር፤ እኔም ሰው ምሳ በልቶ ሲወጣ፣ ሆዱ ሞልቶ ልቡ ሲለሰልስ ጠብቄ እግሩን አየዋለሁ።

መርካቶ ያደገ ሰው ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም፤ መጀመሪያ ጠያቂው ምን ሊገዛ እንደመጣ ያያል። የዌልፌር ቢሮዋ ሴትዮ የምትገዛው አጭር መልስ እንደሆነ ገና ወንበር ስስብ ገብቶኛል። እዚህ ወርከር ነው የምንላቸው። ከፊቷ ያለው ፎርም ላይ ለመልስ የተተወው ቦታ አውራ ጣት አያክልም። ሥራ አለህ? የለኝም። ባንክ ያስቀመጥከው ገንዘብስ? የለኝም። ቤቱ ለብቻህ ነው? ከሰው ጋር ተጋርቼ ነው። ከማን ጋር ነው የምትበላው? ለብቻዬ። አራት መልስ። አመሰገነችኝና ቀጣዩን ተራ ጠራች። ስወጣ የጠዋቱ ሽያጭ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የፎርም አዋቂ ሆንኩ። አዲስ የመጣ ሁሉ የካውንቲውን፣ ማለትም የአካባቢውን አስተዳደር፣ ፖስታ ይዞ መኪናዬ ጋ ይመጣል። ለማንበብና ለመሙላት ምንም አላስከፍልም። ግን ሰው ፎርም አስሞልቶ ካልሲ ሳይገዛ መሄድ ይከብደዋል።

ኮሪያታውን ውስጥ አንድ መኝታ ያለው አፓርትመንት ለሦስት ተከራይተን ነበር። መኝታ ቤቱ በዕድሜ ለሚበልጡን ለጋሼ ሆነ። ሳሎኑን እኔና አንድ የወሎ ሰው ተካፈልነው። የወሎው ሰው ከኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ሙስሊም ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መሃል ምንጣፉን ዘርግቶ ሲሰግድ እኔ ድምፁን እቀንሳለሁ፣ ሲጨርስ "ጨምረው" ይለኛል። ከዚያ የበለጠ ብዙም አናወራም፤ ግን ተስማምተን ነበር የምንኖረው።

ጋሼ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። በካርቱም በኩል ነው የመጡት። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀረው፤ ወደ ልብስ ማጠቢያው ቤት እንኳ ከረባት አስረው ይወርዳሉ። ያልተፈረመበት ወረቀት ለእሳቸው ወረቀት አይደለም። የተፈረመበት ደግሞ ወረቀት ብቻ አይደለም። የሚደርሳቸውን ደብዳቤ ሁሉ በመብሻ በስተው በቀኑ ቅደም ተከተል ፋይል ያደርጉታል፣ የፒዛ ማስታወቂያም ቢሆን። እንግሊዝኛቸው ከእኔ እጅግ ይሻላል። የእኔ እንግሊዝኛ የመንገድ ነው፣ የእሳቸው ማኅተም ያረፈበት ይመስላል።

ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ሦስት ድስት ነበር። የወሎው ሰው የእስላም ሥጋውን፣ እኔ የራሴን፣ ጋሼ ደግሞ ምግብ ማብሰል በዕድሜአቸው ሞክረው ስለማያውቁ ዳቦ በሻይ። ሁለት ሦስት ቀን አዩን። በአራተኛው ቀን ምድጃው ጋ ቆመው፣ "ይሄ ምንድን ነው? መሥሪያ ቤት ነው እንዴ፣ ሁሉም የየራሱ ጠረጴዛ ያለው?" አሉ። የወሎው ሰው እሱ የእኛን ሥጋ እንደማይበላ፣ እኛም የእሱን እንደማንበላ በትህትና ነገራቸው። ጋሼም፣ "እንግዲያው ሥጋው ይውጣ" አሉ።

ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሥጋ አይገባም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ሲገኝ ዓሣ፣ ጾም ካልሆነ እንቁላል። እንጀራውን ከሱፐርማርኬት ዱቄት የወሎው ሰው በመጥበሻ ይጋግረዋል፤ ከሦስታችን እጅ ያለው እሱ ነበር። እኔ ሥጋ ሲያምረኝ ውጭ ሃምበርገር እበላና አፌን ተጉመጥምጬ እገባለሁ። ጋሼ ውጭ የሚበሉበት አልነበራቸውም። ጥሬ ሥጋ እንደሚወዱ ያወቅነው አንድ ቀን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ስቴክ ሲያዩ ፊታቸውን አይተን ነው። እኛም እንዳላየ ሆንን።

ትሪውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስዋፕ ሚት ላይ ከጎኔ ዕቃ ከምትዘረጋ ሜክሲኳዊት በሁለት ጥንድ ካልሲ ለወጥኩት። ሰፊ የቆርቆሮ ትሪ ነው፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወሎው ሰው ከኤርፖርት አረፍ ሊል ይመጣል፣ እኔም ከፌርፋክስ እመለሳለሁ፤ ያኔ እንቀመጣለን። እሱ ቢስሚላህ ይላል፣ ጋሼ ያማትባሉ፣ እኔ እጄን እሰዳለሁ። ጽጌረዳው ብቅ ሲል ምሳው አለቀ ማለት ነው። ብዘገይ እንኳ ጋሼ እጃቸውን አይዘረጉም። አንዴ ሎንግ ቢች ዕቃ ላወርድ ሄጄ መኪናዬ ተበላሽታብኝ ሁለት ሰዓት አርፍጄ ስደርስ፣ ምግቡ ተሸፍኖ ሁለቱ በትሪው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ዜና ያያሉ።

ጋሼ ወደዚህ ትሪ የሚያመጡት በፉድ ስታምፕ ነበር። እንደ ብር ታትሞ በደብተር ተጠርዞ የሚሰጥ የምግብ ኩፖን ነው። ዘይቱን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን እሳቸው ይገዛሉ፤ ሲገዙም ደብተሩን ካሸሯ ፊት ነው የሚቀዱት፣ ሕጉ እንደሱ ስለሚል። ከሱፐርማርኬት ሲመለሱ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጡበት አኳኋን ነበራቸው። ደመወዝ ይዞ የገባ አባወራ ነው የሚመስሉት።

ከዚያ ለስደተኛ የሚሰጠው እርዳታ ጊዜው አለቀባቸው። የሚቀጥለው የካውንቲው ነው፤ የካውንቲው ደግሞ ሥራ መፈለግህን ማረጋገጥ ይጠይቃል። አሥር መስመር ያለው ፎርም ሰጧቸው። በየመስመሩ ሥራ የጠየቁበት ቦታ ይጻፍና ያነጋገራቸው ሰው ይፈርማል።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው ፌርፋክስ ነው። አንዲት እትዬ የምግብ ቤቷ መስኮት ላይ ሳህን አጣቢ እንደምትፈልግ ለጥፋ ነበር። ጋሼ ሲገቡ እትዬ ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ እጅ ነሣች፣ የመስኮቱን ወንበር ጠረገችላቸው። እሳቸው ግን ሳይቀመጡ፣ ለለጠፈችው ሥራ እንደመጡ ነገሯት። የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። አለመቀለዳቸውን ስታይ ደነገጠች።

"እርስዎን ሳህን አሳጥቤ እኔ የት ነው የምገባው ጋሼ?" አለች።

ጋሼ አልተከራከሯትም። ከረባታቸውን አስተካክለው ፎርሙን ዘረጉላትና፣ እንግዲያው እንዳልቀጠረቻቸው እዚህ ላይ ትፈርም ዘንድ ጠየቋት። ያ ደግሞ ባሰባት። "እምቢ አልኳቸው ብዬ በእጄ? ምን አደረግኩዎት?" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። አልቀጠረችም፣ አልፈረመችም። ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምሳ በፌስታል ቋጥራ መኪናዬ ድረስ ሸኘችን።

ሌሎቹም የእኛ ሰዎች እንዲሁ ናቸው። ጋሼን የማያከብር አልተገኘም፤ ስለዚህ የሚቀጥራቸውም የሚፈርምላቸውም አልተገኘም። አሥሩን መስመር የሞሉላቸው ቀና ብለው ያላዩዋቸው ሰዎች ናቸው። ዶናት የሚሸጠው ካምቦዲያዊ በግራ እጁ ብር እየመለሰ በቀኙ ፈረመ። የመኪና ማጠቢያው ሰውዬ ፎርሙን እንኳ አላነበበም። ጋሼ ስማቸውን እያጣሩ፣ ሆሄያቱን እየጠየቁ መዘገቡ።

ለፉድ ስታምፑ እንደገና የኢንተርቪው ቀጠሮ ተሰጣቸው። በመንገድ ላይ አጠናኋቸው። ብዙ እንዳያወሩ፤ "የለኝም" በቂ መልስ እንደሆነ፤ በተለይ ከማን ጋር ይበላሉ ሲሏቸው "ለብቻዬ" እንዲሉ። ምክንያቱንም አስረዳኋቸው። አብሮ ገዝቶ አብሮ አብስሎ የሚበላውን ሰው እነሱ እንደ አንድ ቤት ነው የሚቆጥሩት፤ የታክሲው ገቢ የእርስዎ ገቢ ሆኖ ይጻፍብዎታል አልኩ። ጋሼ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። እሺ ሲሉ የገባቸው መሰለኝ። እሺታ ምን እንደሆነ የማላውቅ ይመስል።

ቢሮው ውስጥ ከእኔዋ ያልተለየች ሴትዮ ናት የደረሰችን፣ አራት መልስ የገዛችኝ ዓይነት። ሥራ? የለኝም። ባንክ? የለኝም። ጥሩ እየሄደ ነበር። ከዚያ ከማን ጋር ነው ምግብ የሚገዙትና የሚበሉት አለች። ጋሼን በጠረጴዛው ሥር በእግሬ ነካኋቸው። እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉና በዚያ ማኅተም በሚመስለው እንግሊዝኛቸው፣ ሦስት ሰዎች ከአንድ ትሪ እንደሚበሉ ነገሯት። በዚያም አላበቁም። አንዱ ሙስሊም በመሆኑ ስለ እሱ ሲባል ሥጋ መተዋቸውን፣ እሱም ስለ እነሱ መተዉን፣ አንዱ ሳይመጣ ሌላው እንደማይጀምር፣ ጉርሻ ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ጉርሻ ለምን እንደማይቀር አስረዱ።

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። እጅግ ያምራል አለች። እሷም ልጅ ሆና ከአያቶቿ ጋር በአንድ ትልቅ ሳህን ይበሉ እንደነበር ነገረቻቸው። ጋሼ ደስ አላቸው፤ ሁለቱ እንደ ዘመድ ተያዩ። ከዚያ ብዕሯን አነሳች። የታክሲ ነጂው ስም ማን ነው? በሳምንት ስንት ያገኛል?

መኪናው ውስጥ አልቻልኩም። "ምን ነካዎት ጋሼ? ለብቻዬ ይበሉ አላልኩዎትም?"

"ጠየቀችኝ እኮ።"

"እኔስ ምን ብዬዎት ነበር?"

መስታወቱን ወደ ታች አወረዱ። "ለብቻዬ ነው የምበላው ብላት ምን ዓይነት ሰው አድርጋ ትይዘኛለች?" አሉ። "አላየሃትም ደስ ሲላት?"

አይቻታለሁ። ጋሼ የገመቱት፣ መንግሥት አብሮ የሚበላን ሰው ከሚደብቅ ሰው አስበልጦ እንደሚያይ ነው። ይህን ስህተት የሚሠራ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው፤ ከእኛም ውስጥ የመዝገብ ቤት ሰው።

ደብዳቤው በሳምንቱ መጨረሻ መጣ። መድረሱን አልነገሩንም። ያወቅነው ከትሪው ነው። ጋሼ ሦስት ጊዜ ይቆርሳሉ፣ "ጠገብኩ" ይላሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ። የወሎው ሰው ያጎርሳቸዋል፤ አንዱን ይቀበላሉ፣ ሁለተኛውን እምቢ ይላሉ። ሁለተኛ ጉርሻ እምቢ ሲሉ ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር እንደሆኑ የገባን። ፋይላቸውን ከፍቼ አየሁት። ተበስቶ፣ በቀኑ ገብቶ፣ የቤቱ ገቢ ከተፈቀደው በላይ ስለሆነ ተከልክለዋል ይላል። የዘይቱ ፌስታል ስለቀረ ጋሼ ከትሪው ድርሻ የለኝም ብለው ነው። በግልጽ አልተናገሩም፤ ቀበቶአቸው ግን ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ቀበቶውን የሸጥኩላቸው እኔ ስለሆንኩ ቀዳዳውን አውቀዋለሁ።

የወሎው ሰው እኔ እገዛለሁ፣ ድርሻ የሚባል ነገር የለም አላቸው። እሳቸው እግዜር ይስጥህ ብለው አሁንም ሦስት ጊዜ ቆረሱ።

ቢሮ ደወልኩ። ነገሩ ሊስተካከል የሚችለው አብረዋቸው የሚኖሩት ሰዎች በየፊናቸው እንደሚበሉ ጽፈው ከፈረሙ ነው፤ ከዚያ ሰው መጥቶ ቤቱን ያያል አሉኝ። ለእኔ ይሄ ምን ችግር አለው? እዚያው ስልኩ ጋ ቆሜ ጻፍኩት፣ ፈረምኩ፣ ለወሎው ሰው ሰጠሁት። አነበበውና መለሰልኝ።

"ከሥሩ፣ 'ውሸት ከሆነ እቀጣለሁ' ይላል" አለኝ።

"ማን ይቀጣሃል?"

"ያልተጻፈ ቅጣትም አለ።" ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። "ውሸት አልፈርምም። እውነት እናድርገውና እፈርማለሁ።"

በዚያን ሰዓት ይሄ ታላቅ ብልሃት መሰለኝ። ለአንድ ወር ነው፣ ወርከሩ መጥቶ እስኪሄድ ነው አልኩ። ጋሼ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመው ይሰሙናል፤ ይሁንም አይሁንም አላሉም።

ፍሪጁን በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ለሦስት ከፈልኩት። በየመደርደሪያው ስም ጻፍኩ። ሦስቱ ድስት ተመለሰ። ትሪውን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በማግስቱ የወሎው ሰው የበግ ሥጋ ይዞ ገባ፣ እኔ የበሬ። ቤቱ ከዓመት በላይ ሸቶት የማያውቀው የሥጋ ጥብስ ሸተተው። ጋሼ እኛው በሰጠናቸው ገንዘብ በገዙት ምስር ላይ ውኃ እየጨመሩ ቆመዋል። በአንዲት ኩሽና ውስጥ ሦስት ሰው ጀርባ ለጀርባ ዞረን፣ አውቶብስ እንደሚጠብቁ የማይተዋወቁ ሰዎች በላን።

ሥጋው ግን ጣፈጠኝ። ይህን ካልጻፍኩ ሌላውን መጻፌ ዋጋ የለውም።

በሦስተኛው ሳምንት ወርከሩ መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ደክሞታል። ፍሪጁን ከፍቶ ፕላስተሩን አየ፣ ድስቶቹን አየ፣ ጻፈ። ግድግዳው ላይ ያለው ምንድን ነው አለኝ፤ ጌጥ ነው አልኩት። ቀና ብሎ ጽጌረዳውን አየና ቆንጆ ነው አለ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ይበላሉ ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሼ ትሪውን አዩት። አሁንም ሊያስረዱ ነው ብዬ ፈራሁ።

"አልበላም" አሉ።

ከመቼ ጀምሮ አላቸው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ አሉት፣ አንድ ቀን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ወርከሩ ፎርሙን አቀበላቸው። ግራና ቀኙን አነበቡ፤ ወርከሩ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ ያንን ትልቁን፣ የመዝገብ ቤቱን ፊርማቸውን አኖሩበት። የወሎው ሰውም ፈረመ። እውነት ነበራ።

ተፈቀደላቸው። የኩፖኑ ደብተር መጣ፤ ጋሼ ዘይቱንና ምስሩን ገዝተው ገቡ። ፌስታሉን ግን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጡትም። ፍሪጁን ከፍተው ስማቸው ያለበት መደርደሪያ ላይ ደረደሩት።

እኔ በዚያን ቀን ከፌርፋክስ ቀደም ብዬ ተመልሼ ነበር። ፕላስተሩን ላጥኩ፣ ትሪውን ከግድግዳ አውርጄ አጠብኩ፣ ሽሮ ሠራሁ። የወሎው ሰው የተረፈውን በግ ጎረቤት ላለ ሙስሊም ሰጥቶ መጣ፣ እንጀራውን ጋገረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀመጥንና ጋሼን ጠራናቸው። ወጡ። ትሪውን አዩ፤ አልተቀመጡም።

"ፈርሜአለሁ" አሉ።

"ሰውዬው እኮ ሄዷል ጋሼ። ማን ያያል?"

"ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ሳያየኝ ነው የመዘገብኩት።"

"እኛም ፈርመናል" አለ የወሎው ሰው ቀስ ብሎ። "ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ይቀመጡ።"

ጋሼ በርኅራኄ አዩት። "እናንተ ናችሁ እውነት ያደረጋችሁት" አሉ። "አሁን ደግሞ እኔ ውሸት ላድርገው?"

መልስ ጠብቀው ነበር። እውነቴን ነው፣ ቆመው ጠብቀዋል። እኔ የፎርም አዋቂው እንጀራውን ማስተካከል ያዝኩ። ሳህናቸውን ከመደርደሪያ አውርደው ምስራቸውን ቀዱና መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት። አልዘጉትም፤ መዝጋት ነውር ነው። ገፋ ብቻ።

ትሪው ለሁለት ሰው ሰፊ ነው። አንድ ሳምንት ሞከርነው። የወሎው ሰው አንዱን ጎን ባዶ ሲያይ ጥቂት ቆርሶ ይነሣል። በኋላ እሱ ኤርፖርት አካባቢ ከሌሎች ነጂዎች ጋር መብላት ጀመረ፤ እኔም ፌርፋክስ። ሥጋው ተመልሶ ገባ። ፎርሙ በየጥቂት ወሩ እየታደሰ ይመጣል፤ ጋሼ እኔን ሳይጠይቁ ራሳቸው ይሞሉታል። ከማን ጋር ይበላሉ? ለብቻዬ። ቢሮው ከእሳቸው ጋር ከዚያ ወዲህ ምንም ችግር አልነበረበትም።

ፋሲካ መጣ። ሁዳዴን ጋሼ በዚያች ክፍል ለብቻቸው ጾሙት። በበዓሉ ቀን የወሎው ሰው ሥራ ላይ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ካልሲ በጥንድ በጥንድ እያሰርኩ ነው። የዶሮ ሽታ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ሞልቶታል፤ በስታምፕ ዶሮ ገዝተው ሲታገሉ ነው ያረፈዱት። ሽንኩርቱ አሯል፤ ይሸታል።

ወጡ። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። በሁለት እጃቸው ሳህን ይዘዋል፣ እንጀራ ላይ አንድ የዶሮ እግርና አንድ እንቁላል። የኩፖኑን ደብተር በብብታቸው ሸጉጠዋል።

"እንኳን አደረሰህ" አሉኝ። ተነሣሁ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኩ። ሳህኑን ግን አላቀበሉኝም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አንተ ሕጉን ታውቃለህ። ይሄ የተገዛው ለቤቱ አባል ብቻ ነው ይላል። አንተ ደግሞ በወረቀት የቤቴ አባል አይደለህም።" ሳህኑን አዩ። "እንግዳ ማብላት ይፈቀዳል?"

"ይፈቀዳል" አልኩ፣ ከአፌ ፈጥኖ።

"የት ላይ ነው የተጻፈው?"

ደብተሩን ከብብታቸው መዘዝኩት። ሽፋኑን ከፊት አየሁ፣ ከኋላ አየሁ። ለስምንት ወር በአራት መልስ ያደርኩ ሰው፣ አምስተኛ መልስ ሳጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። መረቁ ወደ ሳህኑ ጠርዝ እየሄደ ነበር፤ እሳቸው ሳህኑን እንዳይፈስ እያዘነበሉ ጣቴን ይከተላሉ። እንዳገኝላቸው ፈልገው ነበር።

"ቢሮ ጠይቄ እነግርዎታለሁ" አልኩ።

"ጠይቅልኝ" አሉ። ደብተሩን ተቀበሉኝ፣ ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ። በሩን ገፋ አደረጉት። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያ ማንኪያ። በዓመት በዓል ቀን ዶሮ በማንኪያ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮው ሄድኩ። ልጠይቅ ነው የሄድኩት። ሰልፉ በሩን አልፎ እስከ መንገዱ ማዶ ወርዷል፣ ሰው ከንጋት ጀምሮ ቆሞ እግሩን እያፈራረቀ ነው። ጫማቸውን አየሁ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ኋላዋን ከፈትኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ጥንድ ካልሲ ሸጬ፣ ሳልጠይቅ ተመለስኩ።